ከበርክሌይ አስፋልት እስከ እናት ቤት ደፍ

የዛሬው ጉዟችን ወደ ካሊፎርኒያ ነው። «ደግሞ ሆሊውድ ልትወስደን ነው?» ብላችሁ መልበስ መኳኳል እንዳትጀምሩ! የምንሄደው ከሳንፍራንሲስኮ ማዶ፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ወደምትገኘው በርክሌይ ነው። ከተማዋ ከውኃው ዳር ሜዳ ሆና ትጀምርና ሽቅብ እየወጣች ሄዳ ኮረብታ ላይ ታልቃለች። ዩኒቨርሲቲዋ ከኮረብታው ሥር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የሚነሳው ቴሌግራፍ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ሲዘልቅ ደግሞ የበርበሬና የቡና ሽታ ይቀበላችኋል። የሀበሻ ምግብ ቤቶች በዚህ መንገድ ላይ እዚህም እዚያም አሉና!

እኔ የሄድኩት ግን ስለ ባለባትሪ ዊልቸር ለመጠየቅ ነው። ከአንገቱ ወይም ከደረቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው፣ ጎማ በእጁ መግፋት የማይችል ሰው፣ ምን ዓይነት ወንበር ይመርጣል? እንዴትስ ይነዳዋል? «ይሄማ የሐኪም ጥያቄ ነው» ትሉ ይሆናል። ቆዩኝማ! ፍቅርም፣ ኩርፊያም፣ የእናት ናፍቆትም አለበት።

ሁለት ጣትና ፍቅር

ባርት ከሚባለው ባቡር አሽቢ ጣቢያ ላይ ስትወርዱ ኤድ ሮበርትስ ካምፓስ የተባለ ሕንፃ ታገኛላችሁ። የተከፈተው በ2010 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ስትገቡ መሐል አዳራሹ ላይ ደማቅ ቀይ መወጣጫ እንደ ቀለበት እየዞረ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይወጣል። በእግሩ የመጣውም፣ በጎማ የመጣውም ጎን ለጎን እያወሩ ይወጡበታል።

ሕንፃው በስሙ የተሰየመለት ሰው በ1953፣ ገና በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው። ከአንገቱ በታች የተረፉለት የግራ እጁ ሁለት ጣቶችና ጥቂት የእግሩ ጣቶች ነበሩ። ለመተንፈስ የብረት ሳንባ በሚባል፣ ሰውን እስከ አንገቱ በሚውጥ በርሜል መሰል መሣሪያ ውስጥ ይተኛል። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያንን የሚያክል ነገር የሚችል የተማሪ መኝታ ቤት ስላልተገኘ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጠው። ክፍል የሚገባውም የሚወጣውም ሰው እየገፋው ነበር።

ታዲያ ልጁን ፍቅር ያዘው! በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ራሱ እንዳወራው፣ ከሴት ጓደኛው ጋር ሲሆን ከኋላው የሚገፋው ረዳት መኖሩ አላስችል አለው። እስቲ አስቡት... ለሁለት በተያዘ ቀጠሮ ላይ ሦስተኛ ሰው ጆሮውን ቀስሮ ቆሞ! ቀደም ሲል ባለባትሪ ዊልቸር መንዳት እንደማይችል ተነግሮት ነበር። ጣቶቹ ወደ ፊት መግፋት አይችሉም። ወደ ራሱ መሳብ ግን ይችላሉ። ስለዚህ መሪው ዞሮ ተገጠመለትና በመሳብ መንዳት ጀመረ። በአንድ ቀን ተማረው ይባላል። ፍቅር የማያስተምረው ምን አለ?

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ሞተሩ ያው የድሮው ሞተር ነው። ባለባትሪ ዊልቸርን የካናዳ መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ላላቸው ወታደሮች ብሎ ከሠራው ቆይቷል። ለውጡ የመጣው ሁለት ጣት ምን መሥራት እንደምትችል አይቶ መሪውን ያዞረ ሰው ሲገኝ ነው። የመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ከሰውነትህ ውስጥ ጧትም ማታም፣ ሲበርድም ሲደክምህም የማይከዳህ የቱ ነው? መሪው የሚሰጠው ለሱ ነው።

አስፋልቱን ማን አስተካከለው?

ወንበር ብቻውን የትም አያደርስም። በርክሌይም ብትሆን ስትፈጠር እንዲህ አልነበረችም። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለነበር ባለ ዊልቸር መንገድ ለመሻገር ሲፈልግ ከመኪና ጋር እየተጋፋ በአስፋልቱ መሐል ይሄድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ጠርዞቹን እያስቆረጠች ተዳፋት ማሠራት ጀመረች። በ1972 ደግሞ እነዚያው ተማሪዎችና ጓደኞቻቸው «ሴንተር ፎር ኢንዲፐንደንት ሊቪንግ» የተባለውን ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ ይሰጣቸው ከነበሩት አገልግሎቶች መካከል ረዳት ማገናኘትና ዊልቸር መጠገን ይገኙበት ነበር።

ያ በሁለት ጣቱ የሚነዳው ሰውስ? የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሥራ ሊሠራ አይችልም» ብሎ ሊረዳው አልፈለገም ነበር። በ1975 ገዥው የዚያው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር አድርገው ሾሙት! አይጣል ነው። ያረፈው በ1995 ነው።

በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳንፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው «መብታችን በደንብ ካልተፈረመ አንወጣም» ብለው ከ3 ሳምንት በላይ ከረሙ፤ ተፈረመላቸውም። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው በ1990 ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የ1998ቱ ነው። የበርክሌይ መራጮች በየቤታቸው ላይ ግብር ተጨምሮባቸው፣ በዚያ ገንዘብ ከባድ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የድንገተኛ ረዳትና የዊልቸር ጥገና እንዲቀርብ በድምፃቸው ወሰኑ። ረዳቱ በሌሊት ሲቀር፣ ወንበሩም መንገድ ላይ ቀጥ ሲል የሚጠራ ሰው አለ ማለት ነው። እንግዲህ ወንበር ስትመርጡ ጠጋኙንም አብራችሁ ምረጡ። ጠጋኝ የሌለው ባለባትሪ ዊልቸር ውድ ሶፋ ነው!

የኦክላንዱ ወንድማችን

አስጎብኚዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ስሙ ይቆየን። ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ኦክላንድ በገባ በሁለተኛው ዓመት በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ጉዳቱ በሐኪሞች አጠራር «ሲ-5» የሚባለው ነው። ክርኑን ያጥፋል፤ የእጁ አንጓና ጣቶቹ ግን አይታዘዙትም። ስለዚህ የጆይስቲኩ ጫፍ ላይ እንደ «ዩ» ፊደል የተቀረፀ መያዣ ተገጥሞለታል። እጁ እመሐሉ ይቀመጣል፤ ቀሪውን ክንዱ ይሠራዋል። ከሱ ከፍ ብሎ ለተጎዳና ክንዱም ለማይታዘዘው ሰው ደግሞ በአገጭ የሚገፋ መሪ አለ። ጭንቅላት መደገፊያው ውስጥ ተቀብሮ የጭንቅላትን ዘንበል ማለት የሚያነብም አለ። በቀጭን ቱቦ እፍ እያሉ ወይም እየሳቡ የሚነዱትም አለ።

በቴሌግራፍ ጎዳና አብረን ስንሄድ እኔ ነበርኩ «ቀስ በል!» የምለው። ሰው መሐል ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንገዱ ነፃ ሲሆን ይለቀዋል። የዛፍ ሥር የገነጠለው የእግረኛ መንገድ ሲያጋጥመው ከሩቅ አይቶ አቅጣጫ ይቀይራል። ዓይኑ እንደ ታክሲ ሾፌር ነው።

ኢንሹራንሱ አዲስ ወንበር የሚሰጠው በ5 ዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ ተራው ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። አዲስ አበባን ካያት 9 ዓመት ሆኖታል። እናቱ በየእሁዱ ስልክ ላይ «ወንበሩን እዛው ተወውና ና፤ የሰፈሩ ልጆች ተሸክመው ያስገቡሃል» ይሉታል።

«እንደሚያስገቡኝማ አውቃለሁ» አለኝ። «የኛ ሰፈር ልጆች እኔን አይደለም ቁም ሳጥን ይሸከማሉ። ግን ማን ያስወጣኛል? እንግዳ ሲበዛብኝ በረንዳ ልውጣ ብል አራት ሰው ልጥራ? ከታናሽ ወንድሜ ጋር ብንኳረፍ፣ ክፍሉን ጥዬለት ለመውጣት የተኳረፍኩት ሰው ይሸከመኝ?»

ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። አያችሁ፣ የዚያ በሁለት ጣቱ የነዳው ተማሪ ጉዳይና የሱ ጉዳይ አንድ ነው። ሰው ተሸክሞ ያስገባው ሰው እንግዳ ነው። በራሱ ገብቶ በራሱ የሚወጣ ሰው ቤተኛ ነው። የሚቀጥለው ወንበር የኦክላንዷን ጠባብ አፓርትማም የእናቱንም ደጅ መቻል አለበት። ከተሳሳተ ለ5 ዓመት ተሳሳተ ማለት ነው።

ሜትር ይዛ የወጣችው እህት

መጀመሪያ ያደረገው ካታሎግ መግለጥ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለች እህቱ ጋ መደወል ነው። «ሜትር ይዘሽ ውጪ» አላት። ለካች። ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር 60 ሜትር ኮብልስቶን፣ ያውም ዳገት። የትልቁ የብረት በር ትንሿ መግቢያ ስፋቷ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ከሥር ደግሞ 20 ሴንቲ የሚያክል የብረት ደፍ አላት። የቤቱ ደፍ 12 ሴንቲ። የመጸዳጃ ቤቱ በር 58። የወንበሩ ስፋት 64!

እነዚህን ቁጥሮች ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። የመወጣጫ ደንቡ ቀላል ነው፤ በአሜሪካው ሕግ ለ1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ይሰጣል። ስለዚህ የቤቱ ደፍ 1 ሜትር ከ44 የሚሆን መወጣጫ ይበቃዋል። ትልቁ በር ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተ የትንሿ ደፍ ጣጣ የለም፤ ግን ሁልጊዜ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ካልፈረሰ አይሆንም። ዳገቱና ኮብልስቶኑ ደግሞ የጎማ ጉዳይ ናቸው።

የትኛው ጎማ ይግፋ?

ባለባትሪ ዊልቸር ሲገዛ ሰው ቀለሙን ያያል። አዋቂው ሞተሩ የትኛውን ጎማ እንደሚያሽከረክር ይጠይቃል። ሦስት ዓይነት ነው።

የመሐል ጎማው የሚገፋው ወንበር በቆመበት ቦታ ክብ ይዞራል፤ ለጠባብ ቤት የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ከፊትና ከኋላው ትናንሽ ጎማዎች ስላሉት፣ እነሱ ጉብታ ላይ ተቀምጠው መሐሉ ጉድጓድ ከሆነ ገፊው ጎማ አየር ላይ ቀርቶ ሊሽከረከር ይችላል። የኋላ ጎማው የሚገፋው በፍጥነት ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለመዞር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ዳገት ላይም ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ መከላከያ ጎማው መኖሩ መታየት አለበት። የፊት ጎማው የሚገፋው ትልቁ ጎማ ቀድሞ ስለሚደርስ ትንንሽ ጉብታና ሻካራ መሬት ላይ ጎበዝ ነው። የሱ ጉድ ጭራው ነው፤ ሲዞር ኋላው ሰፍቶ ይወጣና ግድግዳ ይፍቃል።

ወንድማችን ሻጩ አዳራሽ ውስጥ በሚያንሸራትተው ወለል ላይ ሁሉንም ሞከረ። ሁሉም አሪፍ ናቸው! ሴራሚክ ላይ የማይሄድ ወንበር የታል? «እንውጣ» አለ። የዛፍ ሥር ያፈረሰውን የእግረኛ መንገድ መረጠ። የመሐል ጎማው ወንበር እዚያች ጎድጓዳ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጎማው በባዶ ዞረ። በፊት ጎማ የሚገፋው ግን አለፈ። ቤቱ ወስዶ ሲሞክረው የመኝታ ቤቱን በር መቃን ፋቀው። «መቃን በቀለም ይድናል» አለና ቆረጠ። የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያዋም ለምን ያ ወንበር እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ ጽፋ ላከችለት። ለዚህ ዓይነት ወረቀት ብዙ መጨነቅ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው ሜዲኬር ለምሳሌ ባለባትሪ ዊልቸር የሚከፍለው ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው።

የማይሰማ ቁስል

ወጣቶች ፍጥነትን ይጠይቃሉ። ሐኪሞች ግን መጀመሪያ የሚያዩት መቀመጫውን ነው። ሰውነቱ የማይሰማው ሰው አንድ ቦታ ሲቀመጥ ደሙ እዚያ ቦታ ላይ በደንብ አይዘዋወርም፤ ቆዳው ይሞታል፤ ቁስሉም ስለማያም ሳይታወቅ ወደ ውስጥ ይበላል። ሰው በዚህ ቁስል ወራት አልጋ ላይ ይውላል፤ መርዙ ወደ ደም ከገባም ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ለከባድ ጉዳት የሚመረጠው ወንበር ከነመቀመጫው ወደ ኋላ የሚንጋለል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ይንጋለላል፤ ክብደቱ ከመቀመጫው ወደ ጀርባው ይዛወራል። ወንድማችን ይህን የሚያደርገው ወሬ ሳያቋርጥ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ድንገት ወደ ጣሪያው እያየ ሲያወራ ያየ «ምን ሆነ?» ይላል። ትራሱም የአየር፣ የጄል ወይም የስፖንጅ ሊሆን ይችላል፤ በሰውየው ልክ ይመረጣል። ወንበሩ ከጭኑ ርዝመት ጋር ይለካል፤ በመቀመጫው ጫፍና በጉልበቱ ጀርባ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዋል። የሌላ ሰው ወንበር በልግስና ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ። ያልተለካ ወንበር ስጦታ ሆኖ መጥቶ ቁስል ሆኖ ይቀራል።

ባትሪና አውሮፕላን

የወንበሩ ጉልበት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ናቸው። «የመኪና ባትሪ አይሠራም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአንድ አፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው። የወንበሩ ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ መድከም፣ ሌሊት ደግሞ መሙላት አለበት። ባዶውን ለቀናት ከተቀመጠ ይበላሻል። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደንቡ «ሲያልቅ ልሙላ» አይደለም፤ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ይሰካል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትርም የሜዳ ነው፤ ዳገት ይቀንሰዋል። ቻርጀሩም ይታያል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እኛ ጋ 220 ነው። ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ከሌለ ሰክቶ ማቃጠል ነው።

አውሮፕላን ላይ ወንበሩ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የሚገባው። አየር መንገዱ ቀደም ብሎ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ክብደቱንና የባትሪውን ዓይነት ይጠይቃል። ፈሳሹ የማይደፋ ጄል ባትሪ ነገሩን ያቀልላል። ወንድማችን ጆይስቲኩንና ትራሱን አስፈትቶ በእጅ ሻንጣ ሊያስይዝ፣ ወንበሩን ከአራት ማዕዘን ፎቶ ሊያስነሳና ሞተሩ በየትኛው ማንሻ እንደሚለቀቅ በትልቁ ጽፎ ሊለጥፍበት አስቧል። እንዲህ ያለ ወንበር ያለ ሰው ከ150 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በእጅ መደገፊያው ያነሳው ሰው ይገነጥለዋል።

መጀመሪያ አጥፋው፣ ከዚያ ሳመኝ

አንዱን የአጠቃቀም ምክር ካታሎግ ላይ አታገኙትም። እኛ ሰላምታችን ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ ጉንጭ መሳም፣ ማቀፍ ነው። ጎንበስ ብሎ የሚስም ሰው የጃኬቱ እጅጌ ጆይስቲኩን ቢነካ ወንበሩ ከነሰውየው ይነሳል! ወንድማችን ሰው ሲቀርበው መጀመሪያ ማጥፊያውን በክርኑ ይነካል። «ሰው ሲስመኝ ሞተር አጠፋለሁ፤ የሚነዳኝን ሰው ግን አልስምም» ይላል እየሳቀ። ለእናንተም ይሁንላችሁ፦ ወንበሩ ላይ አትደገፉ፤ ሳትጠየቁ መሪውን አትንኩ፤ ልጆችንም እንዳይነኩ ንገሩ። ያ ጆይስቲክ የሰውየው እግር ነው።

የመጨረሻው ወሬ ከአዲስ አበባ ነው። እህቱ ብየዳ ሠራተኛ ጠርታ የትንሿን በር ደፍ አስቆረጠች፤ መግቢያዋንም አሰፋቻት። ለቤቱም የሲሚንቶ መወጣጫ አስገነባች። የመጸዳጃ ቤቱ በር ገና ነው። እናቱ መጀመሪያ «ቤቴን ምን እያደረጋችሁት ነው?» ብለው ተቆጥተው ነበር። አሁን ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መወጣጫውን ከሁሉ ቀድመው የሚጠቀሙበት እሳቸው ሆነዋል! ልጃቸው ገና አልመጣም። ደጁ ግን ይጠብቀዋል።

እናንተስ? በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የአካል ጉዳተኞች መግቢያ ነገር ይዞ ነበር የወጣው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰሞኑን የተሠሩ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም አሉ። መንገዱ ቢሰፋ ግን ካፌው ደረጃ ከሆነ ሰውየው ውጭ ነው። ዛሬ ማታ ማኪያቶ ልትጠጡ ስትሄዱ የምትወዱትን ካፌ ደፍ በዓይናችሁ ለኩት። ሁለት ደረጃ 30 ሴንቲ ቢሆን 3 ሜትር ከ60 መወጣጫ ይፈልጋል። ለባለቤቱ ንገሩት፤ ደንበኛ ናችሁና ይሰማችኋል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ዊልቸር ልላክ ወይ?» ቢላችሁም እሺ ከማለታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ።